ኒኮላ ቴስላ

ኒኮላ ቴስላ (ሐምሌ 4 ቀን 1848 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1856 – ጃንዩዌሪ 7 ቀን 1943) በትውልዱ ሰርብ፣ በዜግነቱ አሜሪካዊ የሆነ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በተለዋዋጭ ጅረት የሚሠራውን ኢንደክሽን ሞተርና ይህን ሞተር የሚያንቀሳቅሰውን ባለ ብዙ ፌዝ የኤሌክትሪክ ሥርዓት በመፍጠሩ ነው። ዛሬ ከግድብ ተነስቶ በከፍተኛ የኃይል መስመር ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚጓዘው በዚህ ሥርዓት ነው።

ቴስላ አንድን መሣሪያ ለብቻው ሳይሆን ከማመንጫው እስከ ተጠቃሚው ያለውን ሥርዓት በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያስብ ሰው ነበር። ይህ ልማዱ በ1880ዎቹ ታላቅ ድል አስገኘለት፤ ከ1900 በኋላ ግን ሊጨርሰው ወዳልቻለው ሥራ መራው። ሞተሮቹ በመላው ዓለም ፋብሪካዎችን እያንቀሳቀሱ ሳለ እሱ ዕዳ ውስጥ ሆኖ በሆቴል ክፍል ብቻውን አረፈ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነት

ቴስላ የተወለደው ስሚልያን በምትባል መንደር ነው። መንደሯ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የምትገኘው በክሮኤሺያ ነው። አባቱ ሚሉቲን ቴስላ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ። እናቱ ጁካ ማንዲችም ከቄስ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ። እናቱ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም፤ ሆኖም ለቤት ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችን በእጃቸው ይሠሩ፣ ረጃጅም የሰርብ የጀግንነት ግጥሞችንም በቃላቸው ይዘው ነበር። ቴስላ የማስታወስ ችሎታውንና የፈጠራ ዝንባሌውን ከእናቱ እንደወረሰ ያምን ነበር።

ከአምስት ልጆች አራተኛው ሲሆን ሦስት እኅቶችና ዳኔ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበሩት። ዳኔ በፈረስ አደጋ ሞተ፤ ቴስላ በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ሐዘኑ በቤተሰቡ ላይ ለረዥም ጊዜ አጥልቶ ቆየ። በ1862 ቤተሰቡ በአቅራቢያው ወዳለችው ወደ ጎስፒች ከተማ ተዛወረ።

ትምህርት

ቴስላ በካርሎቫትስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ተከታትሎ የአራቱን ዓመት ትምህርት በሦስት ዓመት ፈጽሞ በ1873 ጨረሰ። ወደ ቤቱ ሲመለስ በኮሌራ ታመመና ለብዙ ወራት አልጋ ላይ ዋለ። አባቱ እንደ እሳቸው ቄስ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ልጃቸው ሊሞት የተቃረበ በመሰላቸው ጊዜ ግን ከዳነ ወደ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ሊልኩት ቃል ገቡለት። በ1875 ኦስትሪያ ውስጥ በሚገኘው የግራትስ ፖሊቴክኒክ በስኮላርሺፕ ገባ።

በግራትስ ሳለ የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነ ነገር ገጠመው። የፊዚክስ መምህሩ ያዕቆብ ፐሽል ግራም ዳይናሞ የሚባለውን ማሽን ለተማሪዎች አሠርተው ያሳዩ ነበር። ማሽኑ ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ ሲሆን፣ ጅረቱን ከሚዞረው ክፍል የሚቀበሉት ብሩሾች እየተፋተጉ የእሳት ብልጭታ ይረጩ ነበር። ቴስላ ብሩሾቹን ጨርሶ ማስቀረት ይቻል ይሆናል የሚል አሳብ አቀረበ፤ መምህሩ ግን የማይቻል መሆኑን በክፍሉ ፊት አስረዱ። ተማሪው በዚያን ጊዜ ማስረጃ ባይኖረውም ጥያቄውን አልተወውም።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ እጅግ ከፍተኛ ነበር። ኋላ ግን ቁማር ለመደ፣ ስኮላርሺፑም ተቋረጠ፤ በሦስተኛው ዓመት ዲግሪ ሳይዝ ከትምህርት ቤቱ ወጣ። አባቱ በ1879 ሞቱ። በ1880 ወደ ፕራግ ሄዶ ትምህርቶችን ቢያዳምጥም በመደበኛነት አልተመዘገበም። ስለዚህ ቴስላ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በትምህርት አላገኘም፤ ኋላ ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ዲግሪ ሰጥተውታል።

የሚሽከረከረው መግነጢሳዊ መስክ

በ1881 ቴስላ በቡዳፔስት የስልክ ማዕከል ተቀጠረ። እሱ ራሱ ኋላ እንደተረከው፣ በ1882 ከጓደኛው አንታል ሲጌቲ ጋር በከተማዋ መናፈሻ ሲንሸራሸር የግራትሱ ጥያቄ መልስ በድንገት ታየው፤ ወዲያውም በእንጨት ስንጥር አሸዋ ላይ ሥዕሉን ነደፈ።

አሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች እርስ በርሳቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን ይቀመጣሉ። በእያንዳንዳቸው ተለዋዋጭ ጅረት ያልፋል፤ ነገር ግን የአንዱ ጅረት ከሌላው በሩብ ዙር ዘግይቶ ይነሳል። የአንደኛው ጥቅልል ጉልበት ሲደክም የሁለተኛው ይበረታል፤ ያም ሲደክም የመጀመሪያው በተቃራኒ አቅጣጫ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ምንም የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖር በመካከላቸው ያለው መግነጢሳዊ መስክ ይሽከረከራል። በመስኩ ውስጥ የተቀመጠው ተሽከርካሪ (ሮተር) የተዘጉ መሪዎች ስላሉት በማይክል ፋራዴይ የኢንደክሽን ሕግ መሠረት በውስጡ ጅረት ይፈጠራል፤ ይህም ጅረት ተሽከርካሪውን መስኩን ተከትሎ እንዲዞር ያደርገዋል። ወደ ሮተሩ ኤሌክትሪክ በሽቦ ማስገባት ስለማያስፈልግ ብሩሽም ሆነ ብልጭታ አይኖርም።

ተሽከርካሪው ሁልጊዜ ከመስኩ ፍጥነት ጥቂት ወደኋላ ይቀራል። እኩል ቢሆን ኖሮ በውስጡ ጅረት አይፈጠርም፣ የሚያዞረውም ጉልበት ያልቅ ነበር። ለምሳሌ በሴኮንድ 50 ዙር በሚለዋወጥ ጅረት የሚሠራ ባለ ሁለት ዋልታ ሞተር መስኩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር፣ ሮተሩ ከዚያ ትንሽ ባነሰ ፍጥነት ይዞራል።

ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ

ቴስላ በ1882 በፓሪስ የኤዲሰን ኩባንያ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ሆነ። በ1883 ለሥራ ወደ ስትራስቡርግ በተላከ ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ የመጀመሪያውን ኢንደክሽን ሞተር ሠርቶ አስነሳ፤ ገንዘብ የሚያወጣለት ግን አላገኘም። በጁን 1884 ኒው ዮርክ ገባና በቶማስ ኤዲሰን የማሽን ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው የቀጥተኛ ጅረት ዳይናሞዎችን ማሻሻል ነበር። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ በክፍያ ምክንያት አኩርፎ ለቀቀ።

ቀጥሎም ከሁለት ባለሀብቶች ጋር በኒው ጀርሲ የመንገድ መብራት ኩባንያ አቋቋመ። መብራቱ ሠራ፤ ባለሀብቶቹ ግን ተለዋዋጭ ጅረት ላይ ፍላጎት ስላልነበራቸው ኩባንያውን ወስደው ቴስላን አስወጡት። ፓተንቶቹ በኩባንያው ስም ተመዝግበው ስለነበር ባዶ እጁን ቀረ። ከ1886 እስከ 1887 ባለው ክረምት በቀን ሁለት ዶላር እየተከፈለው ቦይ በመቆፈር ኖረ።

ፓተንቶቹና ዌስቲንግሃውስ

በ1887 አልፍሬድ ብራውንና ቻርልስ ፔክ ገንዘብ አውጥተው በኒው ዮርክ ቤተ ሙከራ ከፈቱለት። ቴስላ ለብዙ ዓመታት በአእምሮው የያዛቸውን ማሽኖች በጥቂት ወራት ውስጥ ሠራ። ፓተንት የጠየቀው ለሞተሩ ብቻ አልነበረም፤ ጄኔሬተሩን፣ ማስተላለፊያውንና ማከፋፈያውን ጭምር አካትቶ ነበር። ዋናዎቹ ፓተንቶች በሜይ 1 ቀን 1888 ተሰጡት። በሜይ 16 ደግሞ ሥርዓቱን በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት አቀረበ።

በዚያው ዓመት ኢንዱስትሪያሊስቱ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ፓተንቶቹን የመጠቀም መብት ገዛ። ዌስቲንግሃውስ በትራንስፎርመር የሚሠራ የተለዋዋጭ ጅረት መብራት ነበረው፤ ጥሩ ሞተር ግን አልነበረውም። ስምምነቱ ጥሬ ገንዘብ፣ አክሲዮንና ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 2.50 ዶላር ክፍያን ያካተተ ነበር።

በዚህ ሥራ ቴስላ ብቻውን አልነበረም። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስ የሚሽከረከረውን መስክ በራሱ ደርሶበት ስለ ግኝቱ በማርች 1888 አሳትሟል። በጀርመን ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ሚካይል ዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ ደግሞ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተርን አሻሽሎ ሠራ፤ በ1891 ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት በ175 ኪሎ ሜትር መስመር ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ሥራም ዋና ድርሻ ነበረው። የቴስላ ልዩ ድርሻ ሥርዓቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቦ በሚሠሩ ማሽኖች ማሳየቱና በፓተንት ማስመዝገቡ ነው።

የጅረቶች ጦርነት

በ1880ዎቹ መጨረሻ በኤዲሰን ቀጥተኛ ጅረትና በዌስቲንግሃውስ ተለዋዋጭ ጅረት መካከል የከረረ የንግድ ፉክክር ተነሳ። የልዩነቱ መሠረት ርቀት ነበር። በሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በጅረቱ መጠን ካሬ ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ኤሌክትሪክን ሩቅ ለመላክ ቮልቴጁን ከፍ፣ ጅረቱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ተለዋዋጭ ጅረትን በትራንስፎርመር ከፍና ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ በዘመኑ ቀጥተኛ ጅረትን እንዲህ የሚያደርግ መሣሪያ አልነበረም። የኤዲሰን ማመንጫዎች ከደንበኞቻቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቀው መቆም ነበረባቸው።

የኤዲሰን ወገን ተለዋዋጭ ጅረት ገዳይ ነው ብሎ ቀሰቀሰ። በአደባባይ እንስሳት በኤሌክትሪክ ተገደሉ። በ1890 በኤሌክትሪክ ወንበር የመጀመሪያው የሞት ቅጣት የተፈጸመውም በተለዋዋጭ ጅረት ነበር። ይሁንና በ1893 የቺካጎውን የዓለም ኤግዚቢሽን የማብራት ጨረታ ዌስቲንግሃውስ አሸነፈ፤ ጎብኚዎችም የቴስላ ሞተሮች ሲሠሩ ተመለከቱ።

ፉክክሩና የ1890ው የገንዘብ ቀውስ ዌስቲንግሃውስን ለኪሳራ አቃርበውት ነበር። ቴስላም በየፈረስ ጉልበቱ ሊከፈለው የሚገባውን ገንዘብ ለመተው ተስማማ። በ1897 ኩባንያው ፓተንቶቹን በ216,000 ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። ገንዘቡ ለጊዜው ብዙ ቢሆንም የቀድሞው ውል ቢጸና ሊያገኝ ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነበር።

የናያጋራ ኃይል ማመንጫ

የሥርዓቱ ትልቁ ፈተና በአሜሪካና በካናዳ ድንበር የሚገኘው የናያጋራ ፏፏቴ ነበር። ማመንጫውን ለመሥራት የተቋቋመው ኩባንያ ብዙ አማራጮችን ከመረመረ በኋላ በ1893 ባለ ሁለት ፌዝ ተለዋዋጭ ጅረትን መረጠ፤ ጄኔሬተሮቹን የሠራው ዌስቲንግሃውስ ነበር። እያንዳንዳቸው 5,000 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ማመንጫው በ1895 ሥራ ጀመረ። በኖቬምበር 1896 ኤሌክትሪኩ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ወዳለችው ወደ በፋሎ ከተማ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካን ከወንዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል ማዕድን አጠገብ መትከል ግዴታ መሆኑ ቀረ።

ከፍተኛ ድግግሞሽና ገመድ አልባ ሙከራዎች

ቴስላ በ1891 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በዚያው ዓመት በስሙ የሚጠራውን ቴስላ ኮይል ሠራ። ይህ መሣሪያ እርስ በርስ የተቃኙ ሁለት ዑደቶችን በመጠቀም እጅግ ከፍተኛ ቮልቴጅና ድግግሞሽ ያለው ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በለንደን፣ በፓሪስና በአሜሪካ ባደረጋቸው ትዕይንቶች ከምንም ሽቦ ጋር ያልተያያዙ መብራቶችን በእጁ ይዞ አበራ። በማርች 1895 በኒው ዮርክ የነበረው ቤተ ሙከራው ተቃጠለ፤ የብዙ ዓመታት መሣሪያና ማስታወሻ በአንድ ሌሊት ጠፋ።

በ1898 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ በራዲዮ ሞገድ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳየ። ከሩቅ የሚታዘዙ መሣሪያዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህች ጀልባ ነው። ሌላ ሰው ትእዛዙን እንዳይጠልፍበትም፣ የተለያየ ድግግሞሽ ያላቸው ሁለት ምልክቶች በአንድ ጊዜ ካልደረሱ በቀር የማይሠራ መቀበያ አሰበ፤ ለዚህም በ1903 ፓተንት ተሰጠው። ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ውጤት የሚሰጥ በመሆኑ፣ በዛሬው ኮምፒዩተር ውስጥ ላለው የ«እና» አመክንዮ በር እንደ ቀዳሚ አሳብ ይቆጠራል።

ኮሎራዶ ስፕሪንግስና ዋርደንክሊፍ

ቴስላ ከ1899 እስከ 1900 መጀመሪያ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከፍታ ላይ ታላቅ ኮይል ተክሎ ሰው ሠራሽ መብረቅ ፈጠረ። ከሙከራዎቹ ተነስቶ ምድር ራሷ እንደ ደወል ልትንቀጠቀጥ እንደምትችልና ኃይልን ያለ ሽቦ ወደየትኛውም የዓለም ክፍል መላክ እንደሚቻል ደመደመ። መቀበያው የያዘውን ያልታወቀ ምልክትም ከሌላ ፕላኔት የመጣ አድርጎ አመነ።

በ1901 የባንክ ባለቤቱ ጄ. ፒ. ሞርጋን 150,000 ዶላር ሰጠው። ስምምነቱ አትላንቲክን ተሻጋሪ የገመድ አልባ መልእክት ለመላክ ነበር። ቴስላ በሎንግ አይላንድ ደሴት ዋርደንክሊፍ በሚባል ቦታ ከ55 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማማ ማቆም ጀመረ። ማማው ሳያልቅ ግን በዲሴምበር 1901 ጉሊየልሞ ማርኮኒ እጅግ ቀለል ባለ መሣሪያ የሞርስ ምልክት ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን አሜሪካ ላከ።

ቴስላ በተመደበለት ገንዘብ መልእክት ብቻ የሚልክ አነስ ያለ ጣቢያ ከመጨረስ ይልቅ ዕቅዱን አሰፋው። ማማው ድምፅ፣ ሥዕልና የኤሌክትሪክ ኃይል ጭምር እንዲልክ ፈልጎ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። ሞርጋን አልሰጥም አለ፤ ሌሎች ባለሀብቶችም ራቁ። ለናያጋራ መሠረት የሆነው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የማሰብ ልማድ እዚህ ጎዳው፤ በናያጋራ ጊዜ ዌስቲንግሃውስ፣ መሐንዲሶቹና ፋብሪካው ከጎኑ ነበሩ፣ በዋርደንክሊፍ ግን ብቻውን ነበር። አሳቡ የቴክኒክ ችግርም ነበረበት፤ በዛሬው የፊዚክስ ዕውቀት መሠረት ኃይልን በዚያ መንገድ ወደ ሩቅ ቦታ በብቃት መላክ አይቻልም። ሥራው ቆመ፣ ቴስላም በጤናው ላይ ጉዳት ደረሰበት። ቦታው በሆቴል ዕዳ ተወሰደ፣ ማማውም በ1917 ፈረሰ።

የመጨረሻ ዓመታት

ቴስላ ከዚያ በኋላም ክንፍ አልባ ተርባይንን የመሳሰሉ ሥራዎች አቀረበ፤ በገበያ ግን አልተሳኩም። በ1917 የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የኤዲሰንን ሜዳልያ ሸለመው። ከሆቴል ወደ ሆቴል እየተዘዋወረ፣ ዕዳ እየተጠራቀመበት ኖረ። ከ1934 ጀምሮ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በወር 125 ዶላርና የሆቴል ኪራዩን ይከፍልለት ነበር።

አግብቶ አያውቅም። በየቀኑ የከተማዋን ርግቦች ይመግብ፣ የታመሙትንም ወደ ክፍሉ ወስዶ ያክም ነበር። በልደቱ ቀን ጋዜጠኞችን ጠርቶ አዳዲስ ፈጠራዎችን ያስታውቅ ነበር። ከነዚህም መካከል አውሮፕላኖችን ከሩቅ ይጥላል ያለው የጨረር መሣሪያ ይገኝበታል፤ መሣሪያው ግን አልተሠራም። የአልበርት አንስታይንን የአንጻራዊነት ርእዮት አልተቀበለም። በ1930ዎቹ በዘመኑ የተስፋፋውን ዘር የማጣራት አስተሳሰብ መደገፉም ከሚነቀፍባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

በጃንዩዌሪ 7 ቀን 1943 በ86 ዓመቱ በሆቴል ኒው ዮርከር በ33ኛው ፎቅ አረፈ። ዕለቱ በሰርብም ሆነ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልደት በዓል የሚከበርበት ቀን ነበር። በኒው ዮርክ በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ከ2,000 በላይ ሰዎች ተገኝተዋል። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በ1957 ወደ ቤልግሬድ ተወሰደ፤ እዚያ ባለው የኒኮላ ቴስላ ሙዚየም ይገኛል።

በስሙ ዙሪያ የሚነገሩ ታሪኮች

ቴስላ ከሞተ በኋላ ብዙ አፈ ታሪክ ተሰራጭቷል። የአሜሪካ መንግሥት ንብረቱን መውሰዱ እውነት ነው። ሆኖም ወረቀቶቹን የመረመረው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊቅ ጆን ትራምፕ አደገኛ የጦር መሣሪያ ምስጢር እንደሌለባቸው ደምድሟል። ሰነዶቹም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቤልግሬድ ተላኩ። በኮሎራዶ ከታላላቅ ብልጭታዎች ሥር ተቀምጦ ሲያነብ የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶ በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ በማንሳት የተሠራ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 1943 የራዲዮን ፈጠራ ለቴስላ ሰጥቷል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ፍርድ ቤቱ የማርኮኒ ኩባንያ ይዞት የነበረውን አንድ ፓተንት ዋና ክፍሎች የሻረው ኦሊቨር ሎጅ፣ ቴስላና ጆን ስቶን ቀድመው የሠሩት ሥራ በመኖሩ ነው። ራዲዮ የብዙ ሰዎች ሥራ ድምር ነው። ቴስላ ተለዋዋጭ ጅረትን ወይም ትራንስፎርመርን ፈጠረ ማለትም ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ከእሱ በፊት ነበሩ።

ውርስ

በ1960 የዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ጉባኤ የመግነጢሳዊ መስክን ጥንካሬ መለኪያ ቴስላ ብሎ ሰየመው። በሆስፒታል ያሉ የኤም አር አይ ማሽኖች ጉልበት የሚገለጸው በዚህ መለኪያ ነው፤ ብዙዎቹ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። የቤልግሬድ አውሮፕላን ማረፊያና በ2003 የተመሠረተው የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያም በስሙ ይጠራሉ። ዩኔስኮ በ2003 የቴስላን ማኅደር በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቧል።

ከሁሉ የሚበልጠው ውርሱ ግን በየቀኑ የሚሠራው ነው። የኢትዮጵያ የኃይል መረብ እንደ አብዛኛው ዓለም በባለ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ጅረት፣ በሴኮንድ 50 ዙር ይሠራል። በየሰፈሩ ያለ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ቤት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር የሚያስፈልገው የወፍጮው ሞተር በሚሽከረከረው መስክ ስለሚዞር ነው። በሌላ በኩል የኤሌክትሮኒክስ ዕድገት ቀጥተኛ ጅረትንም ወደ ረዥም ርቀት መልሶታል፤ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የተዘረጋው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር በቀጥተኛ ጅረት ይሠራል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ግን ኤሌክትሪኩ ከተለዋዋጭ ጅረት ይነሳል፣ ወደ ተለዋዋጭ ጅረትም ይመለሳል።